«እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም»፦ የአንባቢያን ጥያቄ ለስታቲስቲክስ መምህርቷ

ባለፈው እትም አዘጋጆቹ «የዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ መምህርት ናት፤ የምትጠይቋትን ላኩ» ብለው ማስታወቂያ ካወጡ ወዲህ የመጣው ደብዳቤ ካሰብኩት በላይ ነው። ጥቂት የማይባለው የሎተሪ ቁጥር እንድገምት የሚጠይቅ ስለሆነ እሱን አስቀድሜ ልገላገለው፤ አልችልም። ብችል ኖሮ ቅዳሜዬን የተማሪ ፈተና ሳርም አላሳልፍም ነበር። ከቀሩት መካከል የመረጥኳቸውን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ።

«ልጄ ሶፍትዌር ምህንድስና ሞልታ ስታቲስቲክስ ደረሳት። ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሏል። እንጀራ የሚያበላ ትምህርት ነው ወይስ እንድትቀይር ልወትውት?» (አንድ አባት፣ ከደሴ)

ወንድሜ፣ ለቅሶው ለእኔ አዲስ አይደለም። በየዓመቱ አዲሶቹን ተማሪዎች «ስታቲስቲክስን አንደኛ ምርጫው ያደረገ እጁን ያውጣ» ስላቸው ክፍሉ ጭጭ ይላል። አብዛኞቹ የደረሳቸው እንጂ የመረጡት አይደሉም። እኔም አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ስገባ የደረሰኝ ነኝ፤ የሞላሁት ፋርማሲ ነበር።

እንጀራውን በተመለከተ፣ ያስተማርኳቸው ልጆች የት እንደደረሱ ልንገርዎት። አንዷ ባንክ ውስጥ ናት፤ ተበዳሪ ብድሩን ሳይከፍል የመቅረት ዕድሉን ታሰላለች። አንዱ ኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ውስጥ የዋጋ መረጃ ላይ ይሠራል፤ በየወሩ ግሽበቱ ይህን ያህል ደረሰ ሲባል የሚሰሙት ቁጥር ውስጥ የእሱ እጅ አለበት። ሌላው አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ ክትትልና ግምገማ የሚሉት ክፍል ገብቶ ከወረዳ ወረዳ ይዞራል፤ ደመወዙ ከእኔ ይበልጣል፤ ሲያገኘኝ ቡና የሚጋብዘኝም እሱ ነው። ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠም አለ፤ አልደብቅዎትም። በሁለቱ መካከል የማየው ልዩነት የውጤት አይደለም። ሥራ ያገኙት ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን ዝግጁ የስሌት ፕሮግራም ከፍቶ ቁልፍ መጫን ላይ ያልቆሙት ናቸው፤ በአር ወይም በፓይተን ራሳቸው ኮድ ይጽፋሉ፣ ያገኙትን ውጤት ደግሞ ሒሳብ ለማይወድ አለቃ በአንድ ገጽ ያስረዳሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ልጅዎ ሶፍትዌር የተመኘች ከሆነች እንዲያውም እየቀደመች ነው፤ ኮድ መጻፍ የሚወድ ተማሪ እኛ ዘንድ እንደ ብርቅ ነው የሚታየው። አንድ ነገር ግን ይንገሯት፤ ካልኩለስንና ሊኒየር አልጀብራን ሸምድዳ እንዳታልፍ። ሽምደዳው እስከ ሁለተኛ ዓመት ያደርሳታል። ከዚያ ስታቲስቲካል ኢንፈረንስ የሚባል፣ ከጥቂቶች ተነስቶ ስለ ሁሉ መደምደምን የሚያስተምር ኮርስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ እሱ የሸመደደ አያሳልፍም። አንድ ሴሚስተር ትሞክረው፤ ካልሆነላት ያኔ ትቀይር።

«በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተጠየቀው 16,650 ቤተሰብ ነው አሉ። በዚያ ስለ አገሩ ሁሉ ይወራል። እኔን በ61 ዓመቴ ማንም መጥቶ ጠይቆኝ አያውቅም። ማንን ነው የምትጠይቁት?» (ከኮልፌ፣ አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እኔንም ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፤ የምበላው ከዚሁ ሙያ ሆኖ እንኳ። በዚያ ጥናት ከሺህ ቤተሰብ አንድ ገደማ ብቻ ስለተጠየቀ የእኔና የእርስዎ በር አለመንኳኳቱ የሚጠበቅ ነው።

አመራረጡ እንዲህ ነው። በ1999 ዓ.ም. ለሕዝብና ቤት ቆጠራ ተብሎ አገሪቱ በ84,915 የቆጠራ ቦታዎች ተከፍላ ነበር፤ አንዱ ቦታ በአማካይ 181 ያህል ቤተሰብ ይይዛል። ከእነዚያ 645 በዕጣ ወጡ። በወጣው ቦታ ባለሙያ ሄዶ ቤቱን ሁሉ በተራ ይመዘግባል፤ ከዝርዝሩ ደግሞ 28 ቤተሰብ በእኩል ርቀት ይለቀማል። ዋናው ቁም ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ጠያቂዋ ፀሐይ ላይ ተጉዛ በሩ ተቆልፎ ብታገኘው የጎረቤቱን በር ማንኳኳት አይፈቀድላትም፤ ተመልሳ ትመጣለች እንጂ። ለምን ቢሉ፣ ቀን ቤቱ የሚገኝ ሰውና የማይገኝ ሰው አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም። ቤት የተገኘውን ብቻ ብንጠይቅ አራስና ሽማግሌ በዝቶበት ነጋዴና የቀን ሠራተኛ የጎደለበት አገር ይወጣልናል።

ቁጥሩ ማነሱ የሚያሳስበዎትን ያህል እኔን አያሳስበኝም። በትክክል በዕጣ የተመረጡ 1,000 ሰዎች «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባል ጥያቄ ላይ የሚሰጡት መልስ በ3 በመቶ ያህል ነጥብ ወዲያና ወዲህ ቢል ነው፤ አገሪቱ ሐረሪን ታክል ሕንድን ታክል ለውጥ የለውም። ሰዉ ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ተማሪዎቼም ማረጋገጫውን በእጃቸው ሠርተው እስኪያዩት ድረስ አያምኑኝም።

እኔን የሚያሳስበኝ ዕጣው የሚወጣበት መዝገብ ነው። አገራችን እስካሁን ሦስት ጊዜ ተቆጥራለች፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999። አራተኛው በ2010 መሆን ሲገባው ተላለፈ፣ እንደገናም ተላለፈ። ኮዬ ፈጬ እኮ በ1999 የእርሻ ማሳ ነበር! በዚያ መዝገብ ላይ የገበሬ መንደር ተብሎ የተያዘ ቦታ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ሞልቶታል። ቦታው በዕጣ ከወጣ ቤቱ እንደ አዲስ ስለሚመዘገብ ጥፋቱ በከፊል ይታረማል፤ ዕጣው ውስጥ ሲገባ የተሰጠው የመውጣት ዕድል ግን በድሮው የቤት ብዛት ነው። ስለዚህ ጋሼ፣ ቅሬታ ካለዎት «ለምን 16,650 ብቻ?» አይበሉ፤ «ቆጠራው መቼ ነው?» ይበሉ። ያን ጊዜ ከጎንዎ እቆማለሁ።

«የዩኒቨርሲቲ መምህር ከማስተማር ሌላ ምርምር ይሠራል ይባላል። ስታቲስቲሽያን ምኑን ይመራመራል? ቀመሩ አልቆ የለም እንዴ? እርስዎስ በምን ገቡበት?» (ከባሕር ዳር)

እህቴ፣ ቀመሩ አላለቀም። የእኔን መንገድ ልንገርሽ፤ ከዚያ ይገባሻል።

ዲግሪዬን እንደያዝኩ ረዳት ምሩቅ ሆኜ ጅማ ተቀጠርኩ። ረዳት ምሩቅ ማለት ሰሌዳ የሚያጠፋ፣ የሌላ ሰው ፈተና የሚያርም፣ «ዳታ አስገቢልን» ሲባል እሺ የሚል ፍጡር ነው። የሕፃናት ክብደት የሚለካበት አንድ ክትትል ነበር፤ የወረቀቱን ቁጥር ኮምፒውተር ላይ የማስገባው እኔ ሆንኩ። በአንድ ሕፃን አንድ ቅጽ፤ ጎን ለጎን የወር ሳጥኖች። ያልተለካ ሲኖር በሳጥኑ 99.9 እንጻፍ ተባለ። (ይህን ኮድ ሳያጸዳ ስሌት የሚያወጣ ሰው መቶ ኪሎ የሚጠጋ ሕፃን ያገኛል፤ አግኝቶም ሪፖርት የጻፈ አይቻለሁ።) 99.9ኙን ስመታ ስመታ ዓይኔ ኅዳጉ ላይ ያርፍ ጀመር። መረጃ ሰብሳቢዎቹ በእርሳስ ጫር ጫር ያደረጉት ነገር አለ፤ «ሚዛኑ ተበላሽቷል»፣ «እናቲቱ ለእርሻ ወርዳለች»፣ «ሕፃኑ በጣም ታሟል፣ አታስነኩብኝ አለች»። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሦስቱም 99.9 ናቸው። ለእኔ ግን አንድ አልሆኑልኝም፤ የሚያስረዳኝ ሰው ደግሞ በአካባቢዬ አልነበረም።

ለሁለተኛ ዲግሪ ቤልጂየም ስሄድ ነው መልሱን ያገኘሁት። ሐሰልት ዩኒቨርሲቲ ከጅማ ጋር የቆየ ትብብር አለው፤ ዲፐንቤክ በምትባለው ትንሽ ከተማ ባለው ግቢ ስታቲስቲክስ የተማረ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽሮ የሚሸትበት ኮሪደር አይጠፋም። ለካስ ዶናልድ ሩቢን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1976 ጉድለትን ለሦስት ከፍሎት ኖሯል። ሚዛን ተበላሽቶ የቀረ ልኬት የማንንም ውጤት አያዛባም፤ ቁጥር ብቻ ይቀንሳል። እናቱ ለሥራ ርቃ ስለሄደች የቀረው ሁለተኛው ነው፤ የቤተሰቡን መተዳደሪያ መዝግበነው ከሆነ በእሱ ተመርተን ልናስተካክለው እንችላለን። ሦስተኛው ክፉው ነው፤ ሕፃኑ ያልተለካው ክብደቱ ስለወረደ ነው። የጎደለው ቁጥር ራሱ ለመጉደሉ ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

ክፋቱን በትንሽ ቁጥር ላሳይሽ። አምስት ሕፃናት በስድስት ወራቸው 7.5፣ 7.0፣ 6.8፣ 6.0 እና 5.2 ኪሎ መዘኑ እንበል፤ አማካያቸው 6.5 ነው። በስምንት ወራቸው ሁለቱ ቀጫጮች አልመጡም፤ የመጡት ሦስቱ 8.0፣ 7.6 እና 7.2 ሆኑ፤ አማካይ 7.6። ሪፖርቱ «በሁለት ወር 1.1 ኪሎ ጨመሩ» ይላል፤ ጭብጨባ ይከተላል። ሦስቱ ግን በየግላቸው የጨመሩት በአማካይ ግማሽ ኪሎ ነው። የቀረው ዕድገት የመጣው ደካሞቹ ከስሌቱ በመውጣታቸው ነው።

የእኔ ምርምር ይኸው ነው፤ በየጊዜው የሚለካ ዳታ ውስጥ የጎደለው ቢሞላ ውጤቱ ምን ያህል ይናወጣል? ሦስተኛውን ዓይነት ከሁለተኛው ለመለየት ዳታው ራሱ አይረዳንም፤ ያልተለካውን ከየት አምጥቶ ይነግረናል? የምንችለው «የቀሩት ከመጡት በዚህን ያህል ቢከፉስ? በዚህን ያህልስ?» እያልን መደምደሚያችን የት ላይ እንደሚፈርስ መፈለግ ነው። ቶሎ የሚፈርስ ከሆነ ለሐኪሞቹ «በዚህ ላይ ፖሊሲ አትሥሩ» እላለሁ። አይወዱኝም። የቤልጂየሞቹ ጌርት ሞለንበርግስ እና ጌርት ቨርቤከ በዚህ ዘርፍ ስማቸው የገነነ ነው፤ የጅማው ዳታም በዚያው አካባቢ በሚወጡ የስልት ጽሑፎች ውስጥ ገብቷል። በ1985 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተወለዱ 8,000 ያህል ሕፃናት በየሁለት ወሩ እስከ አንደኛ ዓመታቸው የተጎበኙበት ጥናት ነው። በዚያ ዘመን፣ በዚያ መንገድ፣ ክረምቱ ሳይቀር! ቀመሩን እኛ እንጻፈው እንጂ ትልቁን ሥራ የሠሩት በጭቃ የሄዱት ናቸው።

ለሦስተኛ ዲግሪ የዞርኩት ወደ ሌላው ጎረቤት ጥያቄ ነው፤ ወባ የያዘው ማን ነው ብቻ ሳይሆን መቼ ያዘው የሚለው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስትወርጂ የግልገል ጊቤን የግድብ ሐይቅ በመስኮት ታዪዋለሽ። ሥራ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ይህ ሁሉ ውሃ ወባ አብዝቷል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት የሕፃናቱን ደም አንድ ጊዜ መርምሮ ለሐይቁ ቅርብ በሆኑት መንደሮች ወባ በዝቶ አገኘ። ሌላ ቡድን ደግሞ አልልሽም፣ በብዛት ያው ሰዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 በ16 መንደሮች ከ10 ዓመት በታች የሆኑ 2,080 ልጆችን በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ ተከታተሉ። ውጤቱ ሌላ ሆነ። የመንደሩ ከሐይቁ መራቅና መቅረብ ለውጥ አላመጣም፤ ለውጥ ያመጣው ወቅቱ ነው።

ሰዉ ይህን ሲሰማ «ስታቲስቲክስ እንደ ፈለጉት ይጠመዘዛል» ይላል። እኔ ደግሞ ሁለቱን ጥናቶች ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጬ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምርባቸዋለሁ። በአንድ ቀን የሚወሰድ ደም ሁለት ነገር ይቀላቅላል፤ ምን ያህል ልጅ እንደሚያዝ እና የተያዘው ምን ያህል ጊዜ ተሸክሞት እንደሚቆይ። ቶሎ የማይታከም ልጅ ለብዙ ቀን ስለሚቆይበት በዚያ ቀን የመገኘት ዕድሉ ይሰፋል። የሳምንት ክትትሉ ግን አዲስ የሚያዘውን ይቆጥራል። ስለ ግድቡ ከጠየቅሽኝ የማምነው ሁለተኛውን ነው፤ ያለ መጀመሪያው ግን ማንም ለሁለተኛው ገንዘብ አይሰጥም ነበር።

እንዲህ ባለው ክትትል በሰባተኛው ወር ከመንደሩ የሄደች ልጅ ምን ትደረግ? ጀማሪ ሰርዞ ይጥላታል። ሰባት ወር ሙሉ ወባ አልያዛትም እኮ፤ ይህ ዕውቀት ነው፤ አይጣልም። እሷን በሰባቱ ወር ቆጥሮ ከዚያ ማሰናበት የሚቻልበትን መንገድ ካፕላን እና ማየር የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1958 አሳትመዋል። ሁለቱ ሳይተዋወቁበት ተመሳሳይ ጽሑፍ ለአንድ መጽሔት ልከው ነው አዘጋጁ «አንድ ላይ ጻፉት» ያላቸው። የእኛ አገር ተመራማሪ ቢሆን ማን ይቅደም ላይ ተጣልተን ሁለቱም ሳይታተም ይቀር ነበር።

ቀኔ ምን እንደሚመስል ብትጠይቂኝ ግን ከላይ ያለው ሁሉ የማታ ሥራ ነው። ቀኑን አስተምራለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ ቢሮዬ በር ላይ ፍላሽ የያዘ ሰው ይሰለፋል። ስፔሻላይዝ የሚያደርግ ሐኪም፣ የግብርና ተማሪ፣ አልፎ አልፎም የሕግ መምህር። ጥናቱን ሳያማክረኝ ጨርሶ፣ ዳታውን ሰብስቦ፣ በመጨረሻው ሳምንት «እባክሽ ይቺን ፒ ቫልዩ ከ0.05 በታች አድርጊልኝ» የሚለኝ አይጠፋም፤ ቁጥሩ ከዚያ ካልወረደ ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል ይባላልና። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር ስታድጊ ወንበሩ ይለወጣል፤ ሰልፉ ያው ነው።

«አማካሪዬ በ2008ቱ ዲኤችኤስ (የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት) ዳታ ስለ ሕፃናት መቀንጨር በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሥሪ አለኝ። ክፍላችን ውስጥ ሌሎች አምስት ልጆች ያንኑ ይሠራሉ። ምን ልጨምርበት?» (የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ከጎንደር)

ልጄ፣ ስድስታችሁም የምታገኙትን አሁኑኑ ልንገርሽ፤ የእናት ትምህርት፣ የቤተሰብ ሀብት፣ የወሊድ ርቀት፣ ገጠር መሆን። እነዚህ ተደጋግመው ታውቀዋል። የመቀንጨር መጠን በ1992ቱ ጥናት 58 በመቶ ነበር፤ በ2008 ወደ 38 ወረደ። ይህ ሁሉ ቅናሽ ከየት መጣ የሚለው ያጓጓኛል፤ የእናት ትምህርት ለሰባተኛ ጊዜ መረጋገጡ ግን አያጓጓኝም።

አማካሪሽን ሳታስቀይሚ ርዕሱን ጠምዘዝ አድርጊው። መቀንጨር ማለት ለዕድሜ የሚገባ ቁመት አለመኖር ነው፤ ስለዚህ ዕድሜው ከተሳሳተ መቀንጨሩም ይሳሳታል። የልጆቹን ዕድሜ በወር አውጥተሽ ግራፍ ሥሪበት። 24፣ 36 እና 48 ወር ላይ ቁልል ካየሽ ሰው «ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሦስት ዓመቱ ነው» እያለ አጠጋግቷል ማለት ነው። አምስት ዓመት ድንበሩ ላይ ደግሞ ጉድጓድ ፈልጊ። ባለፉት አምስት ዓመታት የተወለደ ልጅ ካለ ጠያቂዋ ስለ ክትባቱ፣ ስለ ተቅማጡ፣ ስለ ጡት መጥባቱ ረጅም ክፍል መሙላት ስላለባት፣ የደከማት ልጁን በጥቂት ወር አስረጅታ ከድንበሩ ታሻግረዋለች። ይህ በብዙ አገር የሚታወቅ ነገር ነው። የዕድሜው ስህተት የመቀንጨሩን ቁጥር በምን ያህል ከፍና ዝቅ ያደርጋል የሚለውን በሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር አስመስለሽ፣ ካሳየሽ አማካሪሽም ይወዳታል፣ መታተምም ትችላለች።

ሦስት ነገር እንዳትረሺ። የናሙና ክብደቱን፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጠያቂ በስሌቱ ያለውን ድርሻ የሚወስነውንና በዳታው ውስጥ ቪ005 የሚባለውን ቁጥር፣ ለሚሊዮን አካፍለሽ ተጠቀሚ፤ እንደ ሐረሪና ጋምቤላ ያሉት አነስተኛ ክልሎች ከድርሻቸው በላይ ስለተጠየቁ ያለ ክብደት የምታወጪው አማካይ የአገሪቱ አይሆንም። ሁለተኛ፣ በአንድ የቆጠራ ቦታ የተጠየቁት ጎረቤታሞች ስለሆኑ ይመሳሰላሉ፤ እያንዳንዳቸውን እንደ ባዳ ከቆጠርሽ ስህተቱን አሳንሰሽ ታዪዋለሽ። ሦስተኛው ፈረንጆቹን የሚያሳስት ነው፤ የኢትዮጵያ ዲኤችኤስ ቀን የተመዘገበው በራሳችን አቆጣጠር ነው። ወራትን በተራ የሚቆጥረውን የወር ኮድ ወደ ፈረንጅ ለማዞር 92 ደምሪበት፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር መሆኑ ነው። ከሌላ አገር ዳታ ወይም ከዝናብ መረጃ ጋር ስታገናኚ ይህን ከረሳሽ የ2008 ልጅ በኦባማ ምርጫ ዓመት የተወለደ ይመስልሻል። በውጭ ሰው የተጻፈ ጽሑፍ ስትገመግሚ መጀመሪያ የምትፈትሺውም እሱን ይሁን።

«ልጄ በስታቲስቲክስ ለፒኤችዲ ተቀበሉኝ፣ ክፍያም የለውም፣ እንዲያውም እነሱ ይከፍሉኛል ይላል። ተታለለ እንዴ?» (አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፤ አልተታለለም። አሜሪካ ውስጥ የስታቲስቲክስ ዲፓርትመንቶች ለፒኤችዲ ተማሪ የትምህርቱን ክፍያ ትተው ወርኃዊ አበል መስጠታቸው የተለመደ ነው፤ በምላሹ የዲግሪ ተማሪዎችን ያግዛል ወይም በፕሮፌሰር ምርምር ላይ ይሠራል። አበሉ ቤት አይገዛም። ደብዳቤውን አብራችሁ አንብቡትና ለስንት ዓመት ዋስትና እንዳለው፣ በጋውን ይጨምር እንደሆነ፣ የጤና መድን እንዳለው እዩ። ሲጨርስ «ዶክተር» ይባልና ዘመድ ሁሉ ደም ግፊት ሊያስለካው ይመጣል፤ እኔ ቤት በዓል በመጣ ቁጥር ነው።

«ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። የስታቲስቲክስ ምዕራፍ ስንደርስ ልጆቹ ያንቀላፋሉ። ምን ላድርግ?» (ከአዳማ)

መምህር፣ የመጽሐፉን ሠንጠረዥ ይተዉትና የራሳቸውን ያሠሯቸው። እያንዳንዱ ተማሪ ከሰፈሩ ዕድሜያቸው ከ23 እስከ 62 የሆኑ አሥር ሰዎችን «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ የሰማውን ሳያርም ይጻፍ። 60 ተማሪ ካለዎት 600 ዕድሜ ይሰበሰባል። ክፍል ውስጥ የመጨረሻውን አኃዝ ብቻ ይቁጠሩ፤ ከ0 እስከ 9። ሰዉ ዕድሜውን በትክክል ቢናገር እያንዳንዱ አኃዝ አሥር አሥር በመቶ ገደማ ይደርሰው ነበር። ሰሌዳው ላይ ግን 0 እና 5 እንደ ግንብ ይቆማሉ፤ ያንቀላፋው ልጅ ያኔ ይነቃል፤ 40 ዓመቷ ነው የተባለችው እናቱ 43 መሆኗን የሚያውቅም አይጠፋም።

ከዚያ ሰዉ ዕድሜውን ምን ያህል እንዳጠጋጋ የሚለካውን ዊፕል ኢንዴክስን ያሠሯቸው። በ0 እና በ5 የሚያልቁትን ዕድሜዎች ቁጥር በ5 ማባዛት፣ ለጠቅላላው ማካፈል፣ በ100 ማባዛት፤ አለቀ። 100 ከሆነ ማንም አላጠጋጋም፤ 500 ከሆነ ሁሉም አጠጋግቷል። በተባበሩት መንግሥታት መለኪያ ከ105 በታች በጣም ትክክለኛ፣ ከ175 በላይ በጣም ሻካራ ይባላል። የሴቶቹንና የወንዶቹን ለየብቻ፣ የተማሩትንና ያልተማሩትንም ለየብቻ ያስሉ። ጨርሳችሁ ሠንጠረዡን በመጽሔቱ በኩል ላኩልኝ፤ የማንም ስም እንዳይጻፍበት።